ዱንጉዛ የማን ነው?

«ዱንጉዛ የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ቀድሞ ይደርሳል። የተጠየቀው የወላይታ ልጅ እንደ ሆነ «የኛ ነዋ!» ይላል፤ የጋሞ ልጅ እንደ ሆነም ያንኑ ቃል ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። ሁለቱም በበዓል ቀን ዱንጉዛ ለብሶ አደባባይ የወጣ አባት አላቸው። ዳሩ ግን ክርክሩ በጋለ ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ይረሳሉ። የተረሳውም ሰው እግሩን ወደ ጉድጓድ ሰዶ፣ ክር እየቆጠረ ያንን ጨርቅ የሠራው ሸማኔ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ በዱንጉዛ ላይ መብት የሚባል ነገር ካለ፣ መብቱ መቆም ያለበት በቀለሙና በመስመሩ ላይ ሳይሆን በሸማኔው እጅ ላይ ነው። እንዲህ ለማለት ያበቃኝን ምክንያት አንባቢ እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲመለከትልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የተነሣው በግቢያችን ውስጥ ነው። ዘንድሮ የሚመረቁት ተማሪዎች በጥቁሩ ካባ ላይ ከአንገት የሚወርድ የዱንጉዛ ሻርፕ እንዲያደርጉ ዐሳብ ቀረበና ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም ከአባላቱ አንዱ ሆንሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሁሉም በደስታ ተቀበለው። በሁለተኛው ስብሰባ አንድ ጓደኛችን «በሻርፑ ጫፍ ላይ ‹የወላይታ ዱንጉዛ› ተብሎ ይጻፍ» አለ። ወዲያው ከጨንቻ የመጣ ሌላ ጓደኛችን ተነሥቶ «እንዲህ ከተጻፈ እኔ አልለብሰውም፤ አባቴ ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ ዱንጉዛ እየሠራ ነው ያስተማረኝ» ሲል መለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ሊገምተው ይችላል። አንዱ የነገሥታቱን ዘመን ጠቀሰ፤ ሌላው የዶርዜን ዝና ጠራ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱም የሚሉት ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው ብሎ ሁለቱንም አስቀየመ።

በሦስተኛው ስብሰባ አንድ ነጋዴ ናሙና ይዞ መጣ። ናሙናው ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ነው፤ ቅርጹም በልኩ ተሰልፏል። ዋጋው ሸማኔ ከሚጠይቀው ሢሶውን አይሞላም። ገልብጬ ባየው ጀርባው ነጭ ነው። ለካ አልተሸመነም፤ በማተሚያ መኪና ታትሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ነው። ስለ ስሙ ሲጣሉ የነበሩት ሁሉ ዋጋውን በሰሙ ጊዜ ዝም አሉ። ወንድማማቾች «በሬው የኔ ነው፤ የለም የኔ ነው» ብለው ሲካሰሱ ሌላ ሰው በሬውን ነድቶ እንደሚሄድ ማለት ነው። ውሳኔው ለሚመጣው ወር ተላልፏል፤ ይህንንም የምጽፈው ከውሳኔው በፊት እንዲነበብ ብዬ ነው።

ዱንጉዛን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ዱንጉዛ በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ ክር የሚሸመን ጨርቅ ነው። መስመሮቹ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ በመካከላቸውም እንደ መጋዝ ጥርስ ወይም እንደ ጦር ጫፍ የሾሉ ቅርጾች ይሰለፋሉ። በወላይታም በጋሞም ስሙ ያው ዱንጉዛ ነው። በጋሞ የዱንጉዛ ሱሪ የታላላቅ ሰዎች ልብስ ነበር፤ በወላይታም የነገሥታቱና የጀግኖቹ ልብስ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ዛሬ ግን ከሱሪ አልፎ ኮቱም፣ ቀሚሱም፣ ኮፍያውም፣ ቦርሳውም ከዱንጉዛ ይሰፋል። በመስከረም ጊፋታ ሲከበር ሶዶ ከተማ በእነዚህ ሦስት ቀለሞች ትሞላለች።

ስለ ቀለሞቹ ትርጉም ብዙ ይባላል። ቀዩን የጀግኖች ደም፣ ቢጫውን ተስፋ፣ ጥቁሩን ሕዝቡ የሚሉ አሉ፤ በሌላ መንገድ የሚፈቱትም አሉ። እኔ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በሠፈራችን ያሉ አንድ አረጋዊ ሸማኔ አንድ ቀን የነገሩኝ ከትርጓሜው ሁሉ ይልቅ ጠቅሞኛል። «ጋሼ፣ የወላይታውና የጋሞው ዱንጉዛ በምን በምን ይለያሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ እኔ የማውቀው የሸማኔውን ልዩነት ነው» አሉኝ። «አንዱ ጥቁሩን ያሰፋል፤ አንዱ ቀዩን ያበዛል። አንዱ ጥርሱን ያሾላል፤ አንዱ ያሳጥረዋል። ጨርቁን አምጣልኝና ከማን እጅ እንደ ወጣ ልንገርህ። ከየትኛው ሕዝብ እንደ ወጣ ግን ጨርቁ አይናገርም።»

የእኚህን ሰው ንግግር በሚገባ ለመረዳት ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በቆየው ልማድ ጥጡን የምታባዝተውና በእንዝርት የምትፈትለው ሴቲቱ ናት፤ የሚሸምነው ወንዱ ነው። ለቀለሙ ዛሬ በፋብሪካ የተነከረ ክር ከገበያ ይገዛል። ሸማኔው አስቀድሞ ድሩን ያደራል። መስመሮቹ የት የት ላይ እንደሚወድቁ የሚወሰነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ይህን ያህል ቀይ፣ ይህን ያህል ጥቁር እያለ ቆጥሮ ካላደራ፣ በኋላ ሊያቃናው አይችልም። ከዚያ በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ከፍና ዝቅ ያደርግና ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። ጥርሱ ላይ ሲደርስ ግን መወርወሪያው ብቻውን አይበቃውም፤ ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ እየመረጠ፣ ድሩን እየቆጠረ፣ በያንዳንዱ ረድፍ ያስገባል። አንድ ክር ቢስት ቅርጹ ይንጋደዳል። ይህ ዕውቀት በወረቀት የተጻፈ አይደለም፤ የሚኖረው በጣትና በዓይን ነው። ሸማኔው ሥራውን ትቶ ወደ ቀን ሥራ የሄደ ዕለት ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

በእጅ የተሸመነውን ከታተመው ለመለየት ለሚፈልግ ሰው ዘዴው ቀላል ነው፤ ጨርቁን መገልበጥ ነው። የተሸመነ እንደ ሆነ ቀለሙ ራሱ ክሩ ስለ ሆነ በጀርባውም ይታያል። የታተመ እንደ ሆነ ግን ፊቱ ብቻ ደምቆ ጀርባው ገርጥቶ ይገኛል።

የሸማኔው መረሳት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ባገራችን ሸማ ሳይለብስ አደባባይ የሚወጣ መኳንንት አልነበረም፤ ሸማኔውን ግን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብ የተለመደ ነበር። አንጥረኛውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ቆዳ ፋቂውም የየራሳቸው የስድብ ስም ነበራቸው። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጁ ወጣ እንጂ ስድቡ ወዲያው አልቀረም። የወላይታም መንግሥት በ1887 ዓ.ም. በጦርነት ተሸንፎ ካዎ ጦና ከተማረኩ በኋላ፣ የነገሥታት ልብስ የተባለው ዱንጉዛ ረጅም ዘመን ከአገሩ ውጭ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር።

ሸማኔው ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራውን አልተወም። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የወጡ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ገብተው ጉለሌና ሽሮ ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ባለ ጥበቡን ቀሚስ፣ ነጠላውን፣ ኩታውን፣ ጋቢውን እየሠሩ ከተማውን አለበሱ። ከወላይታም ብዙ ወጣት በዚሁ መንገድ ሄዷል። ልብ በሉ! እነዚህ ሰዎች የሠሩት የራሳቸውን አገር ልብስ ብቻ አይደለም። የትም አገር ሰው መጥቶ «የኛ ጥለት እንዲህ ነው» ብሎ ናሙና ሲያሳያቸው ያንኑ ሠርተው ይሰጣሉ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እንጀራው ይህ ነው። እንግዲህ «የያንዳንዱን ሕዝብ ጥለት የዚያ ሕዝብ ልጅ ብቻ ይሥራው» የሚል ሕግ ቢወጣ በመጀመሪያ የሚራበው ማን ነው? ታትሞ የመጣውን ጨርቅ የሚያስገባው ነጋዴ አይደለም፤ ሸማኔው ነው።

ታዲያ ይህ «የኛ፣ የኛ» የሚለው ነገር ከየት መጣ? በኔ አስተያየት ምክንያቱ ክፉ አይደለም። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ይከበራል። በዚያ ቀን ሕዝብ ሁሉ በየልብሱ ተሰልፎ ይወጣል። ቀድሞ የተናቀው ልብስ ተከብሮ አደባባይ መውጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን ሰልፉ ራሱ አንድ ጭንቀት ይዞ መጣ፤ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዐይነት ልብስ ለብሰው ቢወጡ ተመልካቹ በምን ይለያቸው? ስለዚህ አንዱ ቀለሙን ያደምቃል፣ ሌላው መስመሩን ይለውጣል፤ ቆይቶም የተለወጠው «ከጥንት የነበረ» ይባላል።

የወላይታ ሰው በስሙ ላይ ጥንቃቄ ቢያበዛ ግን አይፈረድበትም። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ፣ ሶዶ ላይ ተማሪውም፣ መምህሩም፣ ነዋሪውም ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ከዚያም ሰሜን ኦሞ ይባል የነበረው ዞን ተከፍሎ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሕዝብ «ልብሳችሁ የጋራ ነው» ሲባል «ደግሞ ሌላ ወጋጎዳ መጣብን» ብሎ ቢጠረጥር ምን ያስደንቃል? ስለዚህ እኔም ልብሱን አደባልቀን አንድ ስም እናውጣለት የምል ሰው አይደለሁም። ማደባለቅ አንድ ነገር ነው፤ ጎን ለጎን ሆኖ በየስም መቆም ሌላ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ወላይታ ሶዶ የክልሉ መቀመጫ ሆናለች፤ ወላይታና ጋሞም በአንድ ክልል ውስጥ ሁለት ጎረቤት ዞኖች ናቸው። ጎረቤት ደግሞ አጥርም ይጋራል፣ እሳትም ይጫጫራል።

ይህ ዐይነቱ ክርክር በኛ አገር ብቻ የተነሣ እንዳይመስለን፣ ሩቅ አገርም ቢሆን ስኮትላንድን እንመልከት። ስኮትላንዶች ታርታን የሚባል፣ ባለ ቀለም መስመሮቹ በቁመትና በወርድ እየተሻገሩ አራት ማዕዘን የሚሠሩበት የሱፍ ጨርቅ አላቸው። ያንዱ ነገድ ታርታን ከሌላው ይለያል፤ ይህም ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው ተብሎ በዓለም ሁሉ ይታመናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1746 የእንግሊዝ መንግሥት ከዐመፅ በኋላ ደገኛው ስኮትላንዳዊ ያገሩን ልብስ እንዳይለብስ በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤዲንብራን ሲጎበኙ ደራሲው ዋልተር ስኮት የአቀባበሉ አዘጋጅ ነበረና የየነገዱ አለቆች በታርታን ተሰልፈው እንዲወጡ አደረገ። ያን ጊዜ «የኛ ነገድ ታርታን የትኛው ነው?» የሚል ሰው በዛ። ባኖክበርን በሚባል መንደር ያሉ የዊልሰን ቤተ ሰብ ሸማኔዎች በ1819 የጥለት መዝገብ አዘጋጅተው ስለ ነበር፣ ለብዙው ጥያቄ መልስ የተገኘው ከነሱ መደብር ነው። አንዱ ጥለት በቁጥር ሲጠራ ቆይቶ የነገድ ስም የወጣለትም አለ። የኛን የኅዳር ሰልፍ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ዛሬ ስኮትላንድ የታርታን መዝገብ አላት፤ በ2008 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ በ2009 ሥራ ጀመረ። ማንም ሰው ከሌላው የተለየ ጥለት አውጥቶ ማስመዝገብ ይችላል። ነገር ግን መመዝገቡ ብቻውን ሌላው እንዳይሸምነው የሚከለክል መብት አይሰጥም። መዝገቡ ያለውን ለማወቅ ይረዳል እንጂ አጥር አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ለኛ የሚጠቅመን ምሳሌ በዚያው አገር በስተ ምዕራብ ካሉት ደሴቶች የሚገኘው ሃሪስ ትዊድ የተባለው ጨርቅ ነው። የደሴቶቹ ሰዎች «ይህ መስመር የኛ ነው፣ ያ ቀለም የኛ ነው» አላሉም። በ1993 የወጣው ሕግ የሚለው ሌላ ነው፦ ሃሪስ ትዊድ ተብሎ የሚጠራው ጨርቅ ሱፉ በደሴቶቹ ላይ የተነከረና የተፈተለ፣ በደሴቶቹ ነዋሪ በገዛ ቤቱ በእጅ የተሸመነ፣ ማጠናቀቂያውም በዚያው የተደረገለት መሆን አለበት። ጥለቱ ምንም ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚጠብቀው የሠራውን እጅና የተሠራበትን ቦታ ነው። ስለዚህም አንድ ፋብሪካ ያንኑ ቀለም አስመስሎ ቢያወጣ ያንን ስም ሊጠራበት አይችልም።

ወደ አፍሪካችን ስንመለስ ደግሞ ጋና አለች። ኬንቴ የተባለውን ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅ አሻንቲዎችም ኤዌዎችም ይሸምኑታል፤ ማን ከማን ተማረ የሚለው ክርክርም እንደኛው እስከ ዛሬ አላቆመም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 የኬንቴ ሽመና ጥበብ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሲሰፍር በጋና ስም ሰፈረ እንጂ አንዱ ሌላውን አስወጥቶ አይደለም። በ2005 የወጣው የጋና የቅጂ መብት ሕግም የሕዝብ ጥበብን መብት ፕሬዚዳንቱ በሕዝቡ ስም በአደራ እንዲይዘው አድርጓል። ይህም ሁሉ ሆኖ በፋብሪካ የታተመ ኬንቴ በየገበያው ይሸጣል። እንግዲህ የክብር መዝገብ ብቻውን ሸማኔውን እንደማያበላ ከዚህ እንማራለን።

አሁን የራሳችንን ሕግ እንይ። ባገራችን ዱንጉዛን ሊነኩ ይችላሉ የሚባሉት ሕጎች ብዙ አይደሉም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 123 የኢንዱስትሪ ንድፍን ይጠብቃል፤ ንድፉ ግን አዲስ መሆን አለበት። ጥበቃውም ለ5 ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ለአምስት አምስት ዓመት ይታደሳል። አያቶቻችን የለበሱት ጥለት አዲስ አይባልም። እንዲያውም የሚያስፈራው አንድ ብልጥ ሰው ጥቂት ለወጥ አድርጎ «አዲስ ነው» ብሎ ቢያስመዘግበው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት ዐዋጅ ቁጥር 410 ደራሲውን በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል፤ የዱንጉዛ ደራሲ ግን ማን ነው? ስሙ የማይታወቅ፣ የሞተበት ዓመት የማይቆጠር ብዙ ሰው ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 482 ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ከዕፀዋትና ከመሰል ሀብት ጋር ስለ ተያያዘው ዕውቀት ነው እንጂ ስለ ጨርቅ አይደለም።

የሚቀረው በዚያው በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ዐዋጅ ቁጥር 501 ነው። ይህ ዐዋጅ የኅብረት የንግድ ምልክት የሚባል ነገር አለው። ትርጉሙም አንድ ማኅበር ምልክት ያስመዘግብና አባላቱ በተስማሙበት ደንብ መሠረት ይጠቀሙበታል ማለት ነው። በስም መጠቀም እንደሚቻል በቡናችን አይተናል። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች መንግሥታችን በውጭ አገር የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ በተነሣ ጊዜ ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ግን በስምምነት አለቀ። ለቡና የሆነው ለጨርቅ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ ዐሳቤን ላቅርብ። የወላይታና የጋሞ ሸማኔዎች፣ በየማኅበራቸው ሆነው፣ አንድ የኅብረት ምልክት ያውጡ። ምልክቱ የሚመሰክረው ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፤ ጨርቁ በእጅ የተሸመነ መሆኑን፣ የተሸመነበትን ከተማ ወይም መንደር፣ የሸማኔውንም ስም። «ዱንጉዛ፤ በእጅ የተሸመነ፤ ሶዶ» ይላል አንዱ። «ዱንጉዛ፤ በእጅ የተሸመነ፤ ጨንቻ» ይላል ሌላው። አረካም፣ ቦዲቲም፣ ሽሮ ሜዳም እንዲሁ። የወላይታ ስም አይጠፋም፤ የጋሞም ስም አይጠፋም። ነገር ግን ስሙ የሚጻፈው ሥራው በተሠራበት ቦታ እንጂ በክርክር ባሸነፈው ወገን አይሆንም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ድር ሲያብር ደግሞ ቀዩ ቀይ፣ ጥቁሩም ጥቁር እንደ ሆነ ይኖራል።

በዚህ ምልክት ደንብ ውስጥ አንድ ነገር እንዳይረሳ አደራ እላለሁ። ከወላይታና ከጋሞ ገጠር «አስተምርሃለሁ፣ ሙያም ትለምዳለህ» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ከንጋት እስከ ሌሊት ሸማ ሥራ ላይ የዋሉ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም። ከኔ ጋር አንደኛ ክፍል የገባ አንድ ልጅ እንዲሁ ሄዶ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሲመለስ ፊደሉን ረስቶታል፤ ጥለት ግን በቃሉ ያውቃል። የሱ እጅ የሠራውን ዱንጉዛ የለበሰ ሰው «የባህል ልብሴ» ብሎ ኮርቶበት ይሆናል። መብቱ በእጅ ላይ ይቁም ስንል የማን እጅ እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። የሕፃን እጅ የሸመነው ጨርቅ ምልክቱን ማግኘት አይገባውም። ጥጡን የፈተለችው ሴትም ድርሻዋ በደንቡ ውስጥ ሊጻፍላት ይገባል፤ ያለ ፈትል ሽመና የለምና።

አንዳንድ ጓደኞቼ የሚያነሡትን ተቃውሞ አውቃለሁ። «ድሀው ምን ይልበስ? በእጅ የተሠራው ውድ ነው» ይላሉ። መልሴ ይህ ነው፦ ድሀው የታተመውን ቢለብስ ማንም አይከለክለው። እናቴም ገበያ ላይ ያገኘችውን በአቅሟ ትገዛለች። የምቃወመው የታተመውን በተሸመነው ስም መሸጥን ነው። ለገዢው እውነቱ ይነገረውና ይምረጥ። ሌሎች ደግሞ «ልብስ ማንነት ነው፤ ማንነትን ለሸማኔ ማኅበር አሳልፈን እንስጥ ወይ?» ይላሉ። ማንነታችን ልብሱ ከሆነ ልብሱን በሕይወት ያቆየልን ማን ነው? በክርክሩ ላይ ድምፁ የማይሰማው ያው ሸማኔ ነው። እሱ ሥራውን ከተወ፣ ወላይታውም ጋሞውም የየራሳቸውን ዱንጉዛ ከባሕር ማዶ ማተሚያ ቤት ያስመጣሉ፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ልዩነት አይኖርም።

እኛ ተማሪዎች ዐዋጅ ማውጣት አንችልም። የኅብረት ምልክቱንም የሚያስመዘግቡት ሸማኔዎቹ ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም። ነገር ግን ከአቅማችን በላይ ያልሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ደብተር ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን ሁለት ሁለት ተማሪ እየመደበ፣ ከያንዳንዱ ሸማኔ ዘንድ ሄዶ የሚሠራቸውን ጥለቶች፣ የየጥለቱን ስም በወላይትኛም በጋምኛም፣ የቀለሙን አቀማመጥና የድሩን ቁጥር፣ ከማን እንደ ተማረውም ይጻፍ። ደብተሩ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለቤተ መጻሕፍታችን፣ አንዱ ለሸማኔዎቹ ይሁን። ከነሱ ፈቃድ ውጭ ምንም አይጻፍ። እንዲህ ያለ ደብተር ቢኖር ነገ አንድ ሰው አሮጌውን ጥለት «አዲስ አወጣሁ» ብሎ ለማስመዝገብ ቢመጣ፣ ጥለቱ አዲስ አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ በእጃችን አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ያ የተላለፈው የሻርፕ ውሳኔ ነው። ለኮሚቴያችን የማቀርበው ዐሳብ እንዲህ ነው። ሻርፑ ወርዱ ጠበብ ይበል፤ ክርና ጊዜ ስለሚቆጥብ ዋጋው ይቀንሳል። ትእዛዙ ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ ለሶዶ ሸማኔዎች፣ ግማሹም የጓደኛችን አባት ላሉበት ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይሰጥ። ተመራቂው ክፍያውን በሦስት ወር ከፋፍሎ ይክፈል። በጫፉም ላይ የሸማኔው ስምና የሸመነበት ቦታ ይጠለፍ፤ ከዚያ በቀር ሌላ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ይህ ቢሆን ከጨንቻ የመጣው ጓደኛችን የአባቱን ስም አንገቱ ላይ አድርጎ ይመረቃል፤ የሶዶውም ልጅ የጎረቤቱን ሸማኔ ስም ለብሶ ይወጣል።

የሠፈራችንን ሸማኔ ስለ ትእዛዙ ባማክራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «መቼ ነው የምትፈልጉት?» አሉ። ለአንድ ሻርፕ ድሩን ማድራት፣ ጥርሱንም እየቆጠሩ ማስገባት ቀናት ይወስዳል፤ ተመራቂው ደግሞ ብዙ ነው። ለምረቃው እንዲደርስ ከተፈለገ የክሩ መግዣ በዚህ ወር መሰጠት አለበት። የኮሚቴው አባላት ወደሚቀጥለው ስብሰባ ስትመጡ ይህንኑ አስባችሁበት ኑ።